የኬሚስቶች ሽልማትና ዳኞቹ፦ ከለንደን እስከ ሚዛንና ቴፒ

1. የሚሸለመው ምኑ ነው?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ያለውን አፈር ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ ገበሬውን የሚያስቸግረው ግን አሉሚኒየም ነው። ዝናብ በበዛበት አገር ካልሲየሙ፣ ማግኒዢየሙና ፖታሲየሙ ከዓመት ዓመት እየታጠበ ወደ ታች ይሰርጋል፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይፈታና የሥሩን ጫፍ ያቀጭጨዋል፤ ፎስፈረሱንም ጨምድዶ ይይዛል። ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርም ለተክሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ችግሩ ቅጠል በሚረግፍበት የቡና ጥላ ሥር ይቀላል፣ ተመንጥሮ በተደጋጋሚ በታረሰ መሬት ላይ ይብሳል። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተነካ መሆኑ በግብርናው ዘርፍ ደጋግሞ ይነገራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ በጉደርና በደጀን እየተፈጨ ለገበሬ የሚታደለው የኖራ ዱቄት፣ በኬሚስት አጠራር ካልሲየም ካርቦኔት።

አሉሚኒየም፣ ፎስፈረስ፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፦ እነዚህ ሁሉ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዡ ላይ የአንድ ወገን ናቸው። ከሰንጠረዡ በስተግራ ያሉት ሁለት ዓምዶችና በስተቀኝ ያሉት ስድስት ዓምዶች አንድ ላይ “ዋና ቡድን” ይባላሉ። ብረት፣ መዳብ፣ ወርቅና ዘመዶቻቸው መሐሉን የያዙ የሽግግር ብረቶች ናቸው። እንግዲህ “በዋናው ቡድን ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለተገኘ የምርምር ውጤት የሚሰጥ ሽልማት” ሲባል ከሩቅ አገር ወሬ ይመስላል እንጂ፣ ነገሩ ቡናው ከቆመበት መሬት የራቀ አይደለም። የተፈጨ ቡና ተቃጥሎ አመድ ሲሆን፣ ከአመዱ ትልቁን ድርሻ፣ ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን፣ የሚይዘው ፖታሲየም ነው።

የዘርፉን ጠባይ በቅርብ ለማየት አንድ የላቦራቶሪ ሥራ ይበቃል። የደረቀና የተነፋ አፈር በፖታሲየም ክሎራይድ ውሃ ይታጠባል፤ ፖታሲየሙ የአሉሚኒየሙን ቦታ ሲይዝ አሉሚኒየሙ ወደ ውሃው ይወጣል። የተጣራው ውሃ መልክ የለውም። ሁለት ሦስት ጠብታ ፊኖልፍታሊን ይጨመርበትና ከቡሬቱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ እየተደረገ ፈዘዝ ያለ ሮዝ እስኪሆን ይጠበቃል። ያ የጠቅላላው አሲድ ልክ ነው። ከዚያ በአንዲት ጠብታ አሲድ ሮዙ ይጠፋና ሶዲየም ፍሎራይድ ይጨመራል። ይሄኔ ፈሳሹ ራሱ መልሶ ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ፍሎራይዱ አሉሚኒየሙን ነጥቆ ስለሚይዘው ከአሉሚኒየሙ ጋር የነበረው ሃይድሮክሳይድ ይለቀቃል። ያንን ለማጥፋት የፈጀው አሲድ የአሉሚኒየሙን መጠን ይነግራል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቡሬት፣ የማትቸኩል እጅና የደህና ተማሪ ዓይን ይበቃዋል። ከኖራው መጠን ጀርባ ያለው ቁጥር የሚመጣው እንዲህ ካለ ሥራ ነው፤ ይህን ዓይነቱን ሥራ የሚሸልም ግን የለም ማለት ይቻላል። የሚሸለመው ከዚህ ሥር ያለውን “ለምን” የገለጠ ነው።

2. እንዲህ ያለ ሽልማት ለምን ተፈለገ?

መጀመሪያ ዋናው ቡድን ልዩ ሽልማት አላስፈለገውም ነበር። ኖቤል በኬሚስትሪ መሰጠት በጀመረ በስድስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ ፍሎሪንን ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ሄንሪ ሟሳን ተሸለመ። ዋናው ቡድን ያኔ የኬሚስትሪው እምብርት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ፌሮሲን የሚባለው የብረትና የካርቦን ውሁድ ሲታወቅ የተመራማሪው ቀልብ፣ የኢንዱስትሪው ገንዘብና የተማሪው ጉጉት ወደ ሽግግር ብረቶች ሄደ። ዋናው ቡድን “ያለቀ ጉዳይ” መሰለ። በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፉት ሕግጋት ራሳቸው ተስፋ ያስቆርጡ ነበር፦ ሲሊከን ከሲሊከን ጋር ድርብ ማሰሪያ አይሠራም፣ ዜኖን ከማንም ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒል ባርትሌት የዜኖንን ውሁድ ሠራ፤ በ1981 ደግሞ ሲሊከን ከሲሊከን፣ ፎስፈረስም ከፎስፈረስ ጋር በድርብ ማሰሪያ ተገናኝተው ጠርሙስ ውስጥ ተቀመጡ። በ1976 ለቦሮን ውሁዶች ጥናት ዊልያም ሊፕስኮምብ፣ በ1979 ለቦሮንና ለፎስፈረስ ሥራዎች ኸርበርት ብራውንና ጌኦርግ ዊቲግ ኖቤል አገኙ። ባርትሌት ግን ሳይሸለም አለፈ። ትልቁ ሽልማት በዓመት ከሦስት ሰው በላይ ስለማይሸልም፣ ለአንድ ንዑስ ዘርፍ የሚደርሰው ተራ በትውልድ አንዴ ነው። ክፍተቱን የሞሉት ልዩ ሽልማቶች ናቸው።

ልዩ ሽልማቶቹ የተወለዱት ከሁለት ወገን ነው። አንዱ ወገን ኢንዱስትሪው ነው፤ የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር በፍሬድሪክ ኪፒንግ ስም በሲሊከን ኬሚስትሪ የሚሰጠውን ሽልማት በገንዘብ ያቆመው ሲሊኮን አምራቹ ዶው ኮርኒንግ ነበር። ሽልማቱ ድርጅቱ የሚፈልገውን ዕውቀት ያለ ቅጥር ውል ወደ ደጁ የሚስብበት መንገድ ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም። ሌላው ወገን የሙያ ማኅበሩ ነው። የጀርመን ኬሚስቶች ማኅበር ከ1950 ጀምሮ በአልፍሬድ ሽቶክ ስም፣ የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪም “የዋናው ቡድን ኬሚስትሪ ሽልማት” በሚል ስም ሸልመዋል። የእንግሊዙ ማኅበር ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1841 በለንደን የተቋቋመው ኬሚካል ሶሳይቲ ነው፤ በ1980 ከሦስት አቻ ማኅበራት ጋር ተዋሕዶ አሁን የሚታወቅበትን ቅርጽ ያዘ። የማኅበሩ ጉልበት ከገንዘቡ ይልቅ አባላቱ ናቸው፤ ማን ምን እንደሠራ የሚያውቁ፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሲመረምሩ የኖሩ ሰዎች።

3. ውስጡ እንዴት ይሠራል?

ከውጭ ሲታይ ሽልማት መድረክ፣ ጭብጨባና ፎቶግራፍ ነው። ከውስጥ ሲታይ ጽሕፈት ቤት ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ሳይነካ ወለዱ ብቻ የሚወጣበት አደራ ነው። ቀጥሎ ደንቡ ይጻፋል፦ ለየትኛው ሥራ፣ በስንት ዓመት አንዴ፣ ለወጣት ወይስ ለአንጋፋ፣ ለአንድ ሰው ወይስ ለቡድን። ከዚያ ጥቆማ ይጠራል። የኖቤል ጠቋሚዎች በግብዣ የሚመረጡ ሲሆኑ ማን ማንን እንደጠቆመ ለ50 ዓመት በምስጢር ይያዛል። የሙያ ማኅበራት በአብዛኛው በር ከፈት አድርገው ከአባላቱ ጥቆማ ይቀበላሉ። በመጨረሻ ዳኞቹ ይቀመጣሉ፤ ዕጩው ተማሪያቸው፣ መምህራቸው ወይም የጽሑፍ ተባባሪያቸው የሆነባቸው ዳኞች በዚያ ጉዳይ ላይ ይነሣሉ።

የተሸላሚው ድርሻ በለንደኑ ማኅበር ልማድ ሜዳልያ፣ የምስክር ወረቀት፣ መጠነኛ ገንዘብና በየዩኒቨርሲቲው እየዞሩ ትምህርት የሚሰጡበት ጉዞ ነበር። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ገንዘቡ ይበላል፣ ሜዳልያው መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ተመራማሪ በትንሽ ከተማ ባለ ኮሌጅ ቆሞ ሥራውን ሲያስረዳ ግን ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ሙያውን ሊመርጥ ይችላል። ሽልማት ስንቀዳ ሜዳልያውን ቀድተን ጉዞውን የምንተወው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተቋሙ ከነቀፋ አላመለጠም። ሽልማት ሽልማትን ይስባል፤ አንዴ የተሸለመ ሰው ስሙ በቀላሉ ስለሚታወስ ደጋግሞ ይጠቆማል። ሴቶችና ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውጭ ያሉ ሰዎች ከዝርዝሩ ይጎድላሉ። የዛሬው ኬሚስትሪ የአሥርና የሃያ ሰው ሥራ ሆኖ ሳለ ሜዳልያው የአንድ ሰው አንገት ይፈልጋል። የለንደኑ ማኅበር በ2019 የሽልማት ሥርዓቱን አስገምግሞ በዚህ ላይ ብዙ ተወቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ለቡድን የሚሰጡ፣ ቴክኒሻኑንና ተማሪውን ጭምር በስም የሚጠሩ “ሆራይዘን” የተባሉ ሽልማቶችን ጀምሯል። ጀርመኖቹም በ2022 የሽቶክን ስም፣ በናዚ ዘመን በነበረው አቋም ምክንያት፣ ከሽልማታቸው ላይ አንሥተው በፎስፈረስ ኬሚስቷ በማሪያነ ባውድለር ስም ተክተውታል። ሽልማትን በሰው ስም መጥራት የሚያስከትለው ዕዳ ይህ ነው፤ በእኛም አገር ቀጥሎ እንደምናየው ስሙ ድርጅቱን ይዞት ሄዷል።

4. የኢትዮጵያ መንገድ

በአገራችን ዘመናዊው የምሁራን ሽልማት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1963 ከተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነው። በአደራ ድርጅት መልክ የቆመ፣ የራሱ ደንብና ዳኞች ያሉት ነበር። በመጀመሪያው ዙር፣ በ1964፣ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በሥነ ጥበብ ተሸለሙ፤ ቮልፍ ሌስላው በኢትዮጵያ ጥናት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በቀጣዮቹ ዓመታት ተከተሉ። ከዘርፎቹ ውስጥ ግብርናና ኢንዱስትሪ ነበሩበት፤ ለኬሚስትሪ የተለየ ወንበር አልነበረም። ይህ ጥፋት አይደለም፤ የኬሚስትሪ ዳኛ ከየት ይመጣል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1950 ሲሆን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1978 ነው። ሥነ ጽሑፍ ግን ዘመናት ያስቆጠሩ ዳኞች ነበሩት። አገሪቱ መዳኘት የምትችለውን ሸለመች።

በ1974 አብዮቱ ሲመጣ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ በስማቸው የቆመው ሽልማትም አብሮ ቀረ። የአደራው ሐሳብ ደኅና ነበር፤ ስሙ ብቻ ቢለይ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ደርግ በ1975 በአዋጅ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽንን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በኋላ ኤጀንሲ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሚኒስቴር፣ በ2018 ደግሞ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሆነ። በዚህ መሥሪያ ቤት በኩል በ2000ዎቹ ዓ.ም. ብሔራዊ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ፈጠራ ሽልማት መሰጠት ጀመረ፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ተመራማሪውና የፈጠራ ባለሙያው በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ከመንግሥት ባለሥልጣናት እጅ የሚቀበሉበት። የፈጠራ ውጤቱ ማሽን ሲሆን ዳኝነቱ ቀላል ነው፤ ይሠራል ወይም አይሠራም። የመሠረታዊ ምርምር ጽሑፍ ግን ለጠቅላላ መድረክ አይመችም፤ የእንጀራ ምጣድ ካሻሻለ ወጣት ጋር አንድ መስመር ላይ ቆሞ ስለ አሉሚኒየም ትስስር የሚያወራ ሰው የሚያስጨበጭብ ነገር የለውም።

ከመንግሥት ውጭ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ሌላ ዓይነት አሠራር አመጣ። ጥቆማው ከሕዝብ ይመጣል፤ በየዘርፉ ሦስት ዕጩዎች ይለያሉ፤ ከእነሱ አንዱ በዓመቱ መገባደጃ ይሸለማል። ሳይንስም ከዘርፎቹ አንዱ ነው። ሕዝብ የሚጠቁመው የሚያውቀውን ነውና እዚህ የሚበዛው ለብዙ ዓመት ያገለገለ፣ ሐኪም ቤት ወይም ተቋም ያቆመ ሰው ነው። ክብሩ ለዕድሜ ልክ አገልግሎት ነው፤ ለአንድ የምርምር ውጤት አይደለም። ሁለቱን ማደባለቅ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው።

ሦስተኛው አምድ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተውና በ2013 በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ጉለሌ በሚገኘው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቤት ነው። አካዳሚው በአባልነት ሲመርጥ ያ ምርጫ ራሱ ማዕርግ ነው፤ የሚመርጡትም የሙያ እኩዮች ናቸው። ለኬሚስቶች ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የዕለት ዳኛቸው ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ነው። ለምሳሌ በ2006 እትሙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ የበዛውን ፍሎራይድ በአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ማስወገድ እንደሚቻል ያሳዩበት ጥናት ወጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ይበልጣል፤ ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንት ያጎብጣል። ቀደም ብለን በቡሬቱ ሥር ያየነው የአሉሚኒየምና የፍሎራይድ መፈላለግ እዚህ ሰው የሚያድን ነገር ሆነ። በለንደን ሚዛን ቢመዘን ይህ “የዋናው ቡድን ኬሚስትሪ” ከሚባለው ጎራ የሚገባ ነው።

5. ከውጭ የመጡ ሜዳልያዎች

ከኢትዮጵያ የወጣ ምርምር በዓለም መድረክ ሲሸለም ሜዳልያው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች የታዩበት የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ፣ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በጋራ፣ በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘ።

ለርእሳችን የሚቀርበው ግን የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ነው። አዲስ አበባ የተወለዱት ሶስና፣ በአብዮቱ ዘመን ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ አባታቸው የግእዙ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ2001 በኔቸር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ሲዝየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የተባለ ጠጣር አሲድ በነዳጅ ሕዋስ ውስጥ ፕሮቶን እንደሚያስተላልፍ አሳዩ፤ ሦስት ዓመት ቆይተው በሲዝየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት የተሻለ ሕዋስ አቀረቡ። ጨው የሚመስሉ እነዚህ ጠጣሮች ሲሞቁ ውስጣቸው ያሉት የሰልፌትና የፎስፌት ክፍሎች መሽከርከር ይጀምራሉ፤ ፕሮቶኑም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበሉት ያልፋል። ሲዝየም፣ ሃይድሮጅን፣ ሰልፈር፣ ፎስፈረስ፣ ኦክስጅን፦ አንዱም የሽግግር ብረት የለበትም። ሽልማቶቻቸው ግን “የዋናው ቡድን” የሚል ስም የላቸውም፤ ከሴራሚክስ፣ ከብረታ ብረትና ከኤሌክትሮኬሚስትሪ ማኅበራት የመጡ ናቸው። ዘርፍ የሚሰየመው በሸላሚው ማኅበር እንጂ በሥራው ጠባይ አይደለም። አባትየውም በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያገኙት እዚያው አሜሪካ ነው።

ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚለውን ለመጥቀስ ይመቻል። እኔ ግን አገሩ አላከበረም አልልም፤ ስማቸው በአገራቸው በክብር ይጠራል። የጎደለው ሥራውን አንብቦ ከሌላው ሥራ ጋር አመዛዝኖ ይህ ይበልጣል የሚል የዳኞች ጉባኤ ነው።

6. በቡናው አገር ያለው ዳኝነት

እንዲህ ያለ ጉባኤ በኢትዮጵያ ፈጽሞ አይቻልም የሚል ካለ ወደ ቡና ቅምሻ ክፍል ይግባ። እ.ኤ.አ. በ1999 በብራዚል የተጀመረው “ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ” የተባለ ውድድር በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ 1,459 ናሙና ቀርቦለታል። ናሙናው ሲገባ የገበሬው ስም ይነሣና ኮድ ይሰጠዋል። ቀማሹ ከፊቱ ያለው ስኒ የማን እንደሆነ አያውቅም። በተፈጨው ቡና ላይ ሙቅ ውሃ ይፈስሳል፤ ከላይ የሚፈጠረው ድፍድፍ ለደቂቃዎች ይቆይና በማንኪያ ጀርባ ይሰበራል፤ ቀማሹ አፍንጫውን አስጠግቶ ሽታውን ይወስዳል፣ ከዚያ በማንኪያ ጠቅሶ ፉት ይልና ይተፋል። ከ100 ነጥብ ይሰጣል። በአገር ውስጥ ዳኞች ያለፈው ወደ ዓለም አቀፍ ዳኞች ይሄዳል፤ 87ና ከዚያ በላይ ያገኘው አሸናፊ ይባልና በጨረታ ይሸጣል። በዚያ ዓመት ወረርሽኝ ስለነበር ናሙናው ዳኞቹ ወዳሉባቸው አገሮች ተልኮ ተቀመሰ። ስም መሸፈን፣ ሁለት ደረጃ ዳኛ፣ አስቀድሞ የተነገረ ወለል፤ ብዙ የሳይንስ ሽልማት ይህን ያህል ጥብቅ አይደለም።

ሽልማት ምን እንደሚያደርግም ደቡብ ምዕራብ በራሱ ዘር ላይ አይቶታል። በ1930ዎቹ ከጌሻ አካባቢ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር በታንዛኒያ ምርምር ጣቢያ በኩል አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ፓናማ ተሻገረ። ለዓመታት ምርቱ አነስተኛ ነው እየተባለ በማሳ ዳር ቆየ። በ2004 በፓናማው የቡና ውድድር አንድ ቤተሰብ ለብቻው አቀረበውና አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ “ጌይሻ” በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ነው። ጣዕሙ ከፊትም ነበር። ፓናማ የሰጠችው ዳኛና ጨረታ ነው፤ ዋጋውም እዚያው ቀረ።

ኬሚስትሪው እዚህ ላይ ይገባል። ቡና የበቀለበትን መሬት በውስጡ ባሉት ንጥረ ነገሮች መጠን መለየት ይቻላል ወይ የሚለውን የአዲስ አበባና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት መርምረዋል፤ ፖታሲየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ማግኒዢየሙና ሌሎቹ አንድ ላይ ሲታዩ የኢትዮጵያን ቡና በየአካባቢው ለመለየት ያግዛሉ። የቴፒና የበበቃ ቡና በምርት ገበያው የየራሳቸው ስም አላቸው። ስሙን በላቦራቶሪ ማስረጃ መደገፍ የሚችል ሰው ለአካባቢው ከአንድ ሜዳልያ በላይ ይሠራል።

7. አሁን ያለው ቦታና የሚቀረው ሥራ

ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ በሁለቱ ከተሞች ተከፍሎ ይሠራል። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። ቴፒ በቅመማ ቅመም ምርምር የታወቀ ማዕከል አላት፤ መልኮ ላይ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ማለትም የሚጠና ነገር፣ የሚያጠና ሰውና የሚያጠናበት ቦታ በአንድ አካባቢ አሉ።

እንዲህ ባለ ዩኒቨርሲቲ የመምህሩ ዕውቅና የደረጃ ዕድገት ነው። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር ለመሻገር የታተሙ ጽሑፎች ይቆጠራሉ። ይህ ሥርዓት ምን ያህል ታተመ የሚለውን ያውቃል፤ የቱ ይበልጣል የሚለውን ግን አይጠይቅም። ሽልማት የሚያስፈልገው ለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የለንደኑን ሽልማት ስሙን ተርጉሞ ማምጣት አይበጅም። በኢትዮጵያ በዚህ ንዑስ ዘርፍ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም እርስ በርስ መምህርና ተማሪ ስለሆኑ ከዳኝነት የሚነሣው ከሚቀመጠው ይበዛል። የሚሻለው ሽልማቱን በችግሩ መሰየም ነው፦ የአፈር፣ የውሃና የቡና ኬሚስትሪ። ያኔ አሉሚኒየሙም፣ ፍሎራይዱም፣ ፖታሲየሙም ይገቡበታል፤ የግብርናው ማዕከል ባለሙያም ከዩኒቨርሲቲው መምህር እኩል ዕጩ ይሆናል። ቡሬቱን የያዘው ቴክኒሻንም በስሙ ይጠራል።

ገንዘቡ ከቡናው ሊመጣ ይችላል፤ ማኅበራቱ፣ ዩኒየኖቹና ትልልቆቹ እርሻዎች የኖራውን ልክ ማወቅ ጥቅማቸው ነው። ገንዘብ የሰጠ ግን ዳኛ እንዳይመርጥ በደንብ መታጠር አለበት። ዳኞቹን የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቢመለምል፣ ከፊሎቹንም በ2006 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የአፍሪካ ኬሚካል ማኅበራት ፌዴሬሽን በኩል ከአገር ውጭ ቢያመጣ የመምህርና የተማሪው ችግር ይቃለላል። ጽሕፈት ቤቱን ስሙ ከሚቀያየር መሥሪያ ቤት ይልቅ በአካዳሚው ወይም በማኅበሩ ሥር ማድረግ ይመረጣል። ተሸላሚው በሚዛን፣ በቴፒ፣ በቦንጋና በጅማ ተማሪዎች ፊት ቀርቦ ያስረዳ፤ ከተቻለም በገበሬዎች ማሠልጠኛ።

በየዓመቱ መስጠትም አያስፈልግም፤ በሁለት ዓመት አንዴ ቢሆን በቂ ዕጩ ይገኛል። ብቁ ሥራ ባልቀረበበት ዙር ዳኞቹ “ዘንድሮ የለም” ማለት እንዲችሉ ደንቡ ከመጀመሪያው ይፍቀድላቸው። ኖቤል በኬሚስትሪ በ1916፣ በ1917፣ በ1919፣ በ1924፣ በ1933ና ከ1940 እስከ 1942 ባሉት ሦስት ዓመታት ሳይሰጥ አልፏል።